ከተማችን የከሰረች ዓመት

ጥቅምት 6

ለውድ የእህቴ ልጅ፤

ይህ ወረቀት በጤናህ ያግኝህ። የያዝከው ይበርክትልህ፣ የረገጥከው ይመችህ፣ ክፉ ዐይን አይይህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እናትህም ደህና ናት። ጡረታ ወጥታም የደጇን ጎዳና ሳትጠርግ ቁርስ አትቀምስም። ዕድሜዋን ሙሉ የማዘጋጃ ቤቱን መጥረጊያ የያዘ እጅ እንዴት ብሎ ይረፍ። ገንዘብ ላክልኝ ብለሽ ጻፊለት አላለችኝም። እኔም አልጽፍም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ፤ እንዳትስቅ። ከንቲባ ሆኛለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምክር ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ፣ ነጋዴዎቹ የመምህሩን ወገን አንመርጥም፣ የመምህሩ ወገን ደግሞ ነጋዴ አንመርጥም ብለው ሲፋጠጡ ሰነበቱ። በመጨረሻ ከሁለቱም ያልተጣላ ሰው ይፈለግ ተባለ። እኔ የምክር ቤቱ አባል ብሆንም ሱሪ የማሳጥር፣ ዚፕ የምቀይር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ከማን ጋር እጣላለሁ? ዞር ብለው አዩኝ። እምቢ ልል አፌን ስከፍት አጨበጨቡ።

ወንበሩ ላይ ለምን ማንም እንዳልተጋፋ የገባኝ ከተቀመጥኩበት በኋላ ነው። ካዝናው ባዶ ነው። ከእኔ በፊት የነበረውን ከንቲባ ታስታውሰዋለህ፤ ዛሬ ከተማው በሙሉ «ባለበሩ» ነው የሚለው። ስታዲየም እሠራለሁ ብሎ ከባንክ ተበደረና ከበሩ ጀመረ። በሩ፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል። እብነ በረድ ነው፤ ከላዩ መብራት፣ ከጎኑ ትኬት የሚቆረጥበት መስኮት አለው። ከበሩ ጀርባ ግን ሣር ነው። ገንዘቡ በሩ ላይ አለቀ። ከዚያ የበሩን ዕዳ ልክፈል ብሎ ሌላ ተበደረ። ከሁለተኛው ብድር ጥቂት ተረፈውና የእሳት አደጋ መኪና ገዛ። መኪናው ከዋናው ጎዳና በቀር የትም አይገባም፤ እሳት የሚነሳ ከሆነ እዚያው ጎዳናው ላይ መነሳት አለበት።

አሁን ማደያው በዱቤ አልሰጥም ስላለ የቆሻሻ መኪናው ቆሟል። ሠራተኛው ደመወዝ ካየ ቆየ። ወረቀት አቅራቢው፣ አምፖል ነጋዴው፣ ቀለም ቀቢው ጠዋት ከእኔ ቀድመው ቢሮዬ ደጃፍ ይሰለፋሉ። እኔም እንደ ባለጉዳይ ሰላም ብያቸው አልፋለሁ። የማይመጣው ባንኩ ብቻ ነው፤ እሱ ማስጠንቀቂያ ይልካል።

አንተ የምትሠራበት ቢሮ የከሰሩ ሰዎችን ጉዳይ እንደሚይዝ አጫውተኸኝ ነበር። እስቲ ንገረኝ፣ ማዘጋጃ ቤት ይከስራል? ቢከስርስ ምን ይደረጋል? ቶሎ ጻፍልኝ።

አክስትህ

ኅዳር 29

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለክብርት ከንቲባ፤

ጤናዎ ይጠበቅ፣ መቀስዎ አይደነዝ፣ ወንበርዎም ይደላዎ። የእናቴን ጉልበት ሳሙልኝ። መልሴ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው። አልሳቅኩም፤ ማለቴ ብዙ አልሳቅኩም።

ስለ ሥራዬ ጠይቀዋል። እዚህ አንድ ነጋዴ ከሰርኩ ሲል የሚጠራው የእኛን ቢሮ ነው። ሄደን መጀመሪያ የበሩን ቁልፍ እንቀይራለን። ቀጥለን ወንበሩም ጠረጴዛውም ላይ ቁጥር እንለጥፋለን። የሚሸጠውን ሸጠን ለአበዳሪዎች በየተራቸው እናካፍላለን። ባለቤቱ ጥግ ይዞ ያያል። በቅርቡ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ቤት ሄደን ማቡኪያ ማሽኑን ስናወጣ ሰውየው ጠጋ ብሎ ምን አለኝ መሰለዎት? «ትናንት ብትመጡ ኖሮ ዛሬ ጠዋት ሁለተኛውን ማሽን ባልተበደርኩ።»

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሐሳብ ይዞኝ አልለቅ ብሎኛል። ዳቦ ጋጋሪው ሲያጠፋ ቁልፉ ይቀየራል። መንግሥት ሲያጠፋስ? ይበደራል። ያን ለመክፈል ይበደራል። ሲያቅተው ግብር ይጨምራል፣ ወይም ለልጅ ልጆቻችን ያወርሰዋል። ቁልፉን የሚቀይርበት ስለሌለ አይፈራም፤ ስለማይፈራም በር ይሠራል። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? መንግሥትን የሚመክረው መከራ ኪሳራ ነው። ትንሹም ትልቁም መንግሥት እንደ ዳቦ ቤቱ ሊከስር፣ ሒሳቡን የሚይዝ ባለአደራ ሊሾምበት፣ ያለ ፈቃድ አንዲት ወንበር እንኳ እንዳይገዛ ሊደረግ ይገባዋል።

ስለዚህ አይፍሩ፤ ያውጁት። የአገሩ ሕግ ውስጥ አንድ አንቀጽ አይጠፋም፤ ከበላይ ቢሮ ያስፈልጉት።

ለእናቴ የምልከው በባንኩ አሠራር ምክንያት ትንሽ ይዘገያል። እርስዎ ያስረዱልኝ።

አክባሪዎ የእህትዎ ልጅ

ጥር 3

ለውድ የእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ ከአንተ አይራቅ። ልጅ ያድርግህ ሳይሆን ሽማግሌ ያድርግህ፤ ምክርህ የሽማግሌ ነው።

ጽሑፍህን ምክር ቤቱ ፊት ቆሜ አነበብኩት። ዳቦ ጋጋሪው ጋ ስደርስ የራሳችን ዳቦ ጋጋሪ፣ የነጋዴዎቹ ተወካይ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ሌላው ሁሉ እስከ መጨረሻው ሰማ። የተቃወመው መምህሩ ብቻ ነው። ሱቅ ሲከስር ይዘጋል፣ ከተማ ግን አይዘጋም፤ ዳቦ ቤቱ ሲዘጋ ደንበኛው ሌላ ዳቦ ቤት ይሄዳል፣ የእኛ ሰው ወዴት ይሂድ አለ። ልክ ነው ብዬ ልቀመጥ ስል ዳቦ ጋጋሪው ተነስቶ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ በሩ ሲሠራ ማን ጠየቀ ብሎ ጮኸበት። ለካ ያኔ መምህሩ ራሱ የበሩ ምረቃ ላይ ንግግር አድርጎ ኖሯል። ድምፅ ሰጠንና ኪሳራው ይታወጅ የሚለው አለፈ።

አንቀጹም አልጠፋም። የበላይ ቢሮው ኃላፊ ከዚህ በፊት የጠየቀው ሰው ስለሌለ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሁለተኛ ስሄድ አልሳቀም፤ ባለአደራ እልካለሁ አለ።

ወሬው በከተማው ሲናኝ እኔ የበላይ ቢሮው ዘንድ ሄጄ ነበር እንጂ ብኖር እሸሽ ነበር። ከተማው ተሸጠ ተባለ። አንድ ሽማግሌ ቢሮዬ መጥተው ገዢው ማን እንደሆነና ጠባዩ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ የጋብቻ ወረቀቷን ይዛ መጣች። ይህን የሰጣት ማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ከከሰረ ጋብቻውም ፈረሰ ወይ ብላ ጠየቀች። አይፈርስም፣ አይዞሽ አልኳት። አመስግናኝ ወጣች፤ ፊቷ ግን የተደሰተ ሰው ፊት አልነበረም።

አሁን ባለአደራው ሲመጣ ማን ቀድሞ፣ ማን ተከትሎ እንደሚከፈል ሐሳብ አቅርቡ ተብለናል። እኛ እርስ በርስ ከተስማማን ፀሐይ በምዕራብ ወጣች በል። አንተው ጻፍልን።

እናትህ ሰላም ብላሃለች። የባንኩን አሠራር አስረድቻታለሁ። «ምን ዓይነት ባንክ ነው?» አለችኝ፤ እኔ ምን አውቃለሁ።

አክስትህ

ጥር 28

ለተከበሩ አክስቴ፤

በሄዱበት ሁሉ ሞገስ አይለይዎ። ምክር ቤቱ የእኔን ጽሑፍ ሰማ ማለትዎ አኩርቶኛል፤ እዚህ እንኳ ይህን ያህል የሰማኝ የለም።

ተራውን እንደ ሙያችን ደንብ ከዚህ ጋር በተለየ ወረቀት አስቀምጬዋለሁ፤ እንዳለ ሊያያይዙት ይችላሉ። ዋናው መርህ ግን ይኸው ነው። መያዣ ያለው ይቀድማል፤ ባንኩ ማለት ነው። ባለፈው ወር የሠራ ሠራተኛ ይከተላል። ዕቃ በዱቤ የሸጠ ነጋዴ ከእሱ በኋላ ነው። ጡረታ መጨረሻ ላይ ነው የሚቆመው። በሙያችን ጡረታ የተስፋ ቃል ነው፤ ተስፋ ደግሞ ከመያዣ ፊት አይሰለፍም። እዚህ ላይ ርኅራኄ ገብቶ ነገሩን እንዳያበላሽ አደራ። ኪሳራ የሚያስተምረው ሲያም ብቻ ነው።

ለባለአደራው ምቹ ክፍል ይስጡት፤ በጣም ምቹ ግን አይሁን፤ ከየት ተከፈለ ብሎ ይጠይቃል።

የእናቴ ነገር እንዳለ ነው፤ በቅርቡ ይስተካከላል።

አክባሪዎ

መጋቢት 15

ለውድ የእህቴ ልጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። ምርቃቱን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ አትቀየመኝ።

ባለአደራው መጣ። አንድ ቦርሳ የያዘ ቀጭን ሰውዬ ነው። ሻይ ስናቀርብለት «ከምን በጀት ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ ይቅርብኝ ብሎ ሙቅ ውሃ ጠጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢሮው በሙሉ ሙቅ ውሃ ጠጪ ሆኗል።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም። የበሩን መብራት አጠፋ። የእሳት አደጋ መኪናውን ጎዳናው ሰፊ ለሆነ ከተማ ሸጠልን። የምክር ቤቱን አበል ሰረዘ። ነጋዴዎቹ ለገበያው ጣሪያ፣ የመምህሩ ወገን ለትምህርት ቤቱ አጥር ገንዘብ ሲጠይቁኝ «ባለአደራውን ጠይቁ» እላለሁ። የሚጠይቀው የለም። ይህን ቃል ባገኘሁ ጊዜ ራስ ምታቴ ለቀቀኝ። ያልከው ሁሉ ልክ ሆነ ብዬ ላመሰግንህ ወረቀት አዘጋጅቼ ነበር።

ከዚያ ጡረታውን በግማሽ ቆረጠው። ባንኩ ይቅደም፣ ጡረታ ተስፋ ነው ብሎ። ለጡረተኞቹ በተላከው ማስታወቂያ ላይ የአንተን ወረቀት እንዳለ አያይዞታል፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለበት።

እናትህ ማስታወቂያውን ይዛ ሱቄ መጣች። መነጽሯ ደክሟል፤ አንብቢልኝ አለችኝ። አነበብኩላት። «ተስፋ ከመያዣ ፊት አይሰለፍም» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሳች።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

የያዝኩትን ሱሪ ገለበጥኩ። ደግማ ጠየቀችኝ። «ልጅሽ ነው» አልኳት።

«እንደገና አንብቢልኝ» አለች። ሁለተኛ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ዐይኗን ጨፍና ሰማችኝ። «አየሽ፣ የተማረ ሰው አነጋገር» አለች። ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺ ግን ምን ነክቶሽ ፈረምሽበት?»

ከዚያ ወዲህ አታነጋግረኝም። ለአንተ ኩራቱ፣ ለእኔ ኩርፊያው ደረሰን። ለጎረቤት ሁሉ የልጄ ጽሑፍ ነው እያለች ታሳያለች አሉ። የቤቷን መብራት ግን ቶሎ ታጠፋለች፤ ወተትም መግዛት ትታለች። ይህን የነገረኝ ባለ ወተቱ ነው እንጂ እሷ አይደለችም።

አክስትህ

መጋቢት 22

አክስቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የጻፉልኝ እንደደረሰኝ ነው የምመልሰው።

አንድ ነገር በደንብ ሳላብራራ ቀርቻለሁ። የመንግሥት ኪሳራና የዳቦ ቤት ኪሳራ ፈጽሞ አይገናኙም። ዳቦ ቤት ጡረተኛ የለውም። እኔ የጻፍኩት መርሁን ነው፤ መርህ ደግሞ በሰው ላይ ሲውል የሰውየው ሁኔታ እየታየ ነው። እናቴን ከቅነሳው ማውጣት አይቻልም? እርስዎ ከንቲባ ነዎት፤ አንዲት ሴት ናት። እሷ ወተት ሳትጠጣ መዋል አትችልም፤ ሐኪም አዟታል።

እኔ ብልክላት ነገሩ ባልተነሳ። የባንክ አሠራር ያልኩዎት እውነት እንዳይመስልዎት። እዚህ ኑሮ ተሻሻለና ሰው መክሰር አቆመ። ዓመቱን ሙሉ ያገኘነው ያን ዳቦ ቤትና አንድ ጫማ ቤት ነው። የእኛ ቢሮ ግን ገበያው ይቀጥላል ብሎ ተበድሮ አዲስ ሕንፃ ተከራይቶ ነበር። ከሰርን፣ አክስቴ። ተፎካካሪያችን የነበረው ቢሮ መጥቶ ቁልፋችንን ቀየረ። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ቁጥር ለጠፉበትና «ይቅርታ፣ ቢነሱልን» አሉኝ። ይህን አነጋገር ለሰው ሁሉ እኔው ነበርኩ የምናገረው፤ ትሕትናው ምን ያህል እንደሚያስጠላ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ደመወዝ ካገኘሁ ቆየሁ። አሁን ከአበዳሪዎች አንዱ ሆኜ ተራ ይዣለሁ። ከፊቴ ባንኩ ቆሟል። ሕንፃውን ሳያይ ያበደረን እሱ ነው፤ ሙሉውን ይዞ ሊሄድ ነው።

ለዚህ ነው አሁን የምነግርዎ፦ ተራው የእግዜር ትእዛዝ አይደለም። በእኛም ሆነ በብዙ አገር ሕግ ባለአደራው አበዳሪውን ጠርቶ መደራደር ይችላል። ገንዘቡ ምን ላይ እንደሚውል ሳያይ ያበደረ ሰው ጉዳቱን መጋራት አለበት ሊለው ይችላል። ባንኮች ደንበኞቻችን ስለነበሩ ይህን አፍ አውጥተን ተናግረን አናውቅም። ባለአደራውን ይጠይቁት።

እናቴ ስለ ቢሮዬ እንዳትሰማ አደራ።

የእህትዎ ልጅ

ግንቦት 12

ለውድ የእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ እንጀራህን ይክፈትልህ፤ ዘንድሮ ሌላ ምርቃት አልመርቅህም፣ ይኸው ይድረስልህ።

አስቀድሜ እንዳትቀየመኝ፤ እናትህን ከቅነሳው አላወጣኋትም። እህቴን ባወጣ ነገ የዳቦ ጋጋሪው አማት ትመጣለች፣ ከነገ ወዲያ የመምህሩ ወንድም ይመጣል። ያኔ እኔም እንደ ባለበሩ በር ሠራሁ ማለት ነው። አልሠራም ብዬ ስወስን ሱቄ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለማንም አልነገርኩም፣ ለአንተ ብቻ ነው።

የጻፍከውን ግን ለባለአደራው አሳየሁት። ሙቅ ውሃውን አስቀምጦ አነበበውና እውነት ነው አለ። ታዲያ ለምን አልነገርከንም ስለው፣ አልጠየቃችሁኝም አለኝ።

የባንኩን ሥራ አስኪያጅ ጠራነው። ቢሮ ውስጥ ስብሰባ መስሎት ክራባቱን አሳምሮ መጣ። እኔ ግን ስታዲየሙን ላሳይዎት ብዬ ይዤው ሄድኩ። በሩ ጋ ሲደርስ ደስ አለው፤ እብነ በረዱን በእጁ ዳሰሰ። በበሩ ገባ። ቆመ። ሣሩን ግራና ቀኝ አየ። ተመልሶ ወጣና የሳተው ነገር ያለ ይመስል እንደገና ገባ። ትኬት መቁረጫው ውስጥ አንዲት ፍየል ተኝታለች፤ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ አየችው።

«ይህን አይተው ነው ያበደሩት?» አልኩት።

«ሥዕሉን አይተን ነው።»

«ሥዕሉ ላይ ስታዲየሙ ነበር?»

«ነበር» አለ፤ ድምፁ ወርዷል።

ባለአደራው ቀዝቀዝ ብሎ፣ መያዣዎ ስለሆነ በሩን ነቅለው መውሰድ ይችላሉ አለው። ሥራ አስኪያጁ መንቀያው ስንት ያወጣል ብሎ ጠየቀ። መንቀያው ከበሩ ዋጋ እንዳይበልጥበት ፈርቶ መጠየቁ ሲገባን ድርድሩ ያለቀ መሆኑን አወቅን፤ በወጉ እስኪጻፍ ድረስ ግን ብዙ ተመላለስን። በመጨረሻ ባንኩ ከዕዳው ከፊሉን ትቶ ቀሪውን በረዥም ጊዜ ለመቀበል ፈረመ። ከእንግዲህ ለማዘጋጃ ቤት ሲያበድር ሰው ልኮ እንደሚያይ ነገረኝ። እኔም ከበሩ ጀርባም እንዲያዩ ይምከሯቸው አልኩት።

ጡረታው ተመለሰ። ሙሉ አይደለም፤ ከአራት ሦስት እጁ ነው። የተቆረጠባቸው ወራትም ተከፈላቸው። የቆሻሻ መኪናው ተነስቷል። ሁሉም አማረ እንዳልልህ፣ ከየመንገዱ አምፖል ግማሹ አይበራም፣ ቤተ መጻሕፍቱም ሦስት ቀን ብቻ ነው የሚከፈተው። ከሥራ ከተቀነሱት ጸሐፊዎች አንዷን ሱቄ ወስጃታለሁ፤ ቁልፍ ስትተክል ጣቷን ትወጋለች እንጂ ጎበዝ ናት።

እንግዲህ መንግሥት ይክሰር ወይስ አይክሰር ብለህ ብትጠይቀኝ፣ ይክሰር እላለሁ። ዛሬ ምክር ቤቱ ውስጥ «እንበደር» የሚል ሰው መጀመሪያ ባለአደራውን፣ ቀጥሎ ጎረቤቱን ያያል፤ ተመልሶ ይቀመጣል። ይህ በምክር አልመጣም። ነገር ግን ሲከስር ቀድሞ የሚያለቅሰው የተበደረውና ያበደረው ይሁን እንጂ የጠረገው አይሁን። በአንተ ወረቀት ላይ ይህ ጎድሎ ነበር።

ስለ ቢሮህ አልነገርኳትም። እሷ ግን ትናንት ሱቄ መጥታ፣ ካኮረፈች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ልጄ ሥራ የለውም አይደል?» አለችኝ። ከየት ሰማሽ ስላት፣ ሥራ ያለው ሰው በሳምንቱ አይመልስም አለች። ቀጥላ ጻፊ አለችኝ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ቃል ነው፤ እኔ ምንም አልጨመርኩበትም።

«ልጄ፣ እንደምን አለህ። እኔ ደህና ነኝ፣ ወተቴንም እየጠጣሁ ነው። አክስትህን ይቅር ብያታለሁ፤ ገና አልነገርኳትም፣ አሁን እየጻፈች ሰማች። የተጠራቀመው ጡረታዬ ስለመጣ ግማሹን ልኬልሃለሁ። የቤት ኪራይህን ክፈልበት፣ ብላበት። ሲሳካልህ ትመልስልኛለህ፤ ወለድ የለውም፣ ቀንም አልቆረጥኩልህም። ሰው እንዳይስቅብህ ብለህ ብቻህን አትቀመጥ፤ ከተማ ከስሮ የለም እንዴ? አንድ ነገር ብቻ ነው የማስጠነቅቅህ። የእኔን ለመክፈል ብለህ ከሌላ ሰው እንዳትበደር።»